ለአንድ እፍኝ ማሾ

ስሜ ካሳሁን ነው። መርጬው አይደለም። ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ ሞተና እኔ ስመጣ ለእሱ ካሳ ሁን ተባልኩ። እናቴ «ካሳሁን!» ብላ ስትጣራ የምትፈልገው እኔን ይሁን እሱን ለይቼ ሳላውቅ አደግሁ።

ስለዚህ ባለቤቴ ውባለም ወንድ ልጅ ስትገላገል ማልኩ፤ ለልጄ ከጣርማ በር እስከ አጣዬ ማንም ያልተጠራበት ስም አወጣለሁ። መማል ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አወራሁት። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሽንኩርት ደላላ ነኝ፣ እንጀራዬ አፌ ነው። ወሬው ጀውሃ ላይ ምሳ የሚበሉ ሾፌሮች ዘንድ ሳይቀር ደረሰ። አንዱማ የጭነት መኪናውን እያሳየ «ኤፍ ኤስ አር በለው፣ ጭነት ይዞ ጣርማ በርን ይወጣል» አለኝ። ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ አስቤበታለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። ዐሥራ አንድ ቀን ነው የቆየው፣ ስም እንኳን አልወጣለትም። ታዲያ አሁን አራስ ጥየቃ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ስም ይዞልኝ ይመጣል፦ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ፣ ካሳዬ። ገንፎዬን እየበሉ የሞተውን በተወለደው ላይ ይጭኑብኛል። «እናስብበታለን» እላለሁ። በሆዴ ግን የማልላቸው የለም።

ዘመናዊ ስም ልፈልግ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ግማሹ በ«ኤል» ያልቃል። ናሆም የሚለውን ወደድኩትና ሕፃኑን ለክትባት ስንወስደው ነርሷ «ናሆም!» ብላ ብትጣራ አራት እናቶች ብድግ አሉ። እዚያው ተውኩት። በመጨረሻ የእሷንና የእኔን ስም ቆራርጬ፣ ካሳዋን ጥዬ፣ «ዓለምሁን» የሚል ሠራሁ። ለውባለም ስነግራት ሕፃኑን አየት አድርጋ «መጀመሪያ አምስት ኪሎ ይሁን» አለችኝ።

ውባለም ልጁን በምንም አትጠራውም ነበር። «እሱ ተኛ፣ እሱ ጠባ» ነው የምትለው።

«ስም ካለው ይሰማል» አለችኝ አንድ ቀን።

«ማን?»

«ሞት ነዋ።»

ከዚያም ልጁን ለእትዬ ሙሀባ እንሽጠው አለች። እትዬ ሙሀባ አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሰባት ወልደው ሰባቱንም አሳድገዋል። የመጀመሪያ ልጃችን ባጃጅ ሳይደርስ ቤት ውስጥ ሲወለድ በእጃቸው የተቀበሉት እሳቸው ነበሩ። በእኛ አገር ልጅ የሞተባት እናት ቀጣዩን ልጇ ላልሞተባት ጎረቤት ትሸጣለች። ሞት ሲመጣ የሌላ ሰው ልጅ ነው የሚያገኘው፤ ቤት ተሳሳትኩ ብሎ ይመለሳል።

«ስልክ በኪሴ ይዤ ልጄን በእፍኝ እህል ልሽጥ?» ብዬ ጮህኩ። ውባለም አለቀሰች። ስትከራከረኝ አሸንፋታለሁ፤ ስታለቅስ ግን አቅም የለኝም።

ክርስትናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት፣ እትዬ ሙሀባ በሻሻቸው ጫፍ ማሾ ቋጥረው መጡ። አንድ እፍኝ ዘግነው ለውባለም ሰጧት። «ቢስሚላህ» ብለው ልጁን ተቀበሏትና ደጃፉን ተሻግረው ወጡ፣ ደግሞ ተመልሰው ገቡ። ሽያጩ ይኸው ነው። እኔ ደላላው አንድ ቃል አልተጠየቅሁም።

«እንግዲህ ነገ ክርስትና ነው» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ስሙም ዓለምሁን ይባላል።»

«ማን ብሎ?»

«አባቱ ነኛ!»

«አባቱማ ሸጦታል። በሬ ሸጠህ ስሙን ደግሞ አንተ ልታወጣለት ነው?» አሉና ሕፃኑን አቀፍ አደረጉት። «ስሙን አውጥቼለታለሁ። ዘጠነኛ ነው።»

በሳቅ ፈረስኩ። በስም ቢበልጡኝ በቁጥር አይበልጡኝም።

«እትዬ ሙሀባ፣ የእርስዎ ልጆች ሰባት ናቸው። ይሄ ስምንተኛ ነው። ተሳስተዋል።»

«ወላሂ አልተሳሳትኩም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ስምንተኛው ያኛው ነው። እሱንስ በዚህ እጄ ተቀብዬው የለም? ሳትሸጡልኝ ቀራችሁ እንጂ የእኔም ነበር።»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ «እርሱት» ነበር ያለን፣ ወይም «ተኩት»። እኔም ካሳ የሚለውን ቃል ስሸሽ ልጄን አንድ ቀን እንኳ ቆጥሬው አላውቅም። ጎረቤቴ ግን ከልጆቻቸው ጋር ሲቆጥሩት ኖረዋል። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ውባለም ማሾውን በቀኝ እጇ እንደጨበጠች ተነስታ ሕፃኑን ተቀበለቻቸው።

«ዘጠነኛ» አለችው ቀስ ብላ። እግሩን አወራጨ። «ዘጠንዬ» አለችው ደግማ።

በማግሥቱ ቄሱ ስሙን ሰሙ። «የክርስትና ስሙን እኔ አወጣለሁ» አሉ፣ «የዓለሙን ስም ከሙሀባ ጋር ጨርሱ።» ዘመዶቼ ደግሞ ያ ሁሉ ፉከራ ለዚህ ነው ወይ እያሉ እስከ ዛሬ ያሙኛል። ይሁን፣ የፎከርኩትንስ አላጣሁም። ከጣርማ በር እስከ አጣዬ ሌላ ዘጠነኛ የለም።

ባለፈው ሳምንት ጀውሃ ላይ ያ ሾፌር አገኘኝ።

«እህ፣ ልጁን ማን አልከው?»

«ዘጠነኛ።»

ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ስምንቱን የት ደብቀሃቸው ነው?»

«ሰባቱ ጎረቤቴ ቤት ናቸው» አልኩት። «አንዱ ሞቶብኛል።»

መሳቁን ትቶ ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥኩና ስለ ስምንተኛው ነገርኩት።