አንቱታ የበዛባቸው እናት

ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ ተነሥቶ የመጦሪያ ቤታችን መመገቢያ አዳራሽ ሲወለወል፣ እማማ ሹራባቸውን ደርበው ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይነሣሉ። በየክፍሉ እየዞሩ ይሰናበታሉ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም አስቸገርኳችሁ» ይላሉ። ከዚያ ወደ በሩ።

ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ይለምናቸዋል። እሳቸውም መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ይነጋገራሉ፣ ቆይተው ይቆጣሉ፣ በመጨረሻ ያለቅሳሉ። አንድ ቀን ሊያልፉ ሲታገሉ ደረጃው ላይ ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ፤ ሐኪሙ ግን ፎቁ ላይ ወዳለው የሚቆለፍ ክፍል ቢወጡና የሚያረጋጋ መድኃኒት ቢጀምሩ ይሻላል አለ። ልጃቸው አስባ እንድትነግረው ጠየቃት።

ልጅቷ ለዋና ነርሷ የተናገረችውን እኔም ሰምቻለሁ። ላይ ያሉትን አይታቸው መጥታ ነበር። «ላይ ከወጣች ተኝታ ነው የማገኛት» አለች።

መጦሪያ ቤታችን ውስጥ አዲስ አሠራር ከጀመርን ብዙ አልቆየንም ነበር። ጠዋት ጠዋት ነርሷም፣ ተንከባካቢዋም፣ ወጥ ቤቷም፣ ጠባቂውም፣ ልብስ የማጥበው እኔም አንድ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጥና ስለ አንድ አረጋዊ ብቻ እናወራለን። ያየ ያየውን ይናገራል። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ዛሬ አንዱ አቆላምጦት ነገ ሌላው ቢቆጣው ይብስ ግራ ስለሚገባው፣ የምንስማማበትን ሁላችንም በአንድ አፍ እንድናደርግ ነው። የመጀመሪያው ስምምነታችን አንቱታ ነበር። አረጋውያኑን እንደ ሕፃን «ነይ ብዪ፣ ተኚ» ማለት ቀርቶ፣ ሁሉም አንቱ ይባል አለች ነርሷ። ደግ ሕግ ነበር፤ ስንቱን አንገቱን ቀና አድርጎታል።

የእማማ ተራ በደረሰ ቀን ልጃቸውም ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ጠባቂው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሲሰናበቱት ልጆቹን እንዲስምላቸው እንደሚነግሩት ተናገረ። የሚያመልጥ ሰው እንዲህ አይሰናበትም አለ። ወጥ ቤቷ ደግሞ፣ ተለምነው ካልሆነ በቀር እንደማይደግሙ፣ ሳህኑ ላይም ሁልጊዜ ትንሽ እንደሚያስተርፉ አነሣች፤ እጄ አልጣፈጣቸው ይሆን ብላ ስትብሰለሰል ከርማለች። ተንከባካቢዋ ወንበር ጫፍ ላይ ብቻ እንደሚቀመጡ አየች። እኔም አጥቤ የማደርሰው ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ ተናገርኩ። ታጥፎ ወንበር ላይ ያድራል።

ልጅቷ አንዳችንን ከሌላችን እያፈራረቀች አየች።

«እንግዳ ናት» አለች። «እናቴ እዚህ ቤት እንግዳ ናት። ሰው ቤት አይመሽም እያለች ነው ያሳደገችን። አንቱ የሚላት ማነው?»

ተያየን። ሁላችንም ነበርን፤ እንዲያውም እንኮራበት ነበር።

«በዕድሜዋ አንቱ ያላት ቢኖር አከራያችንና ዳኛ ነው» አለች፣ እየሳቀች ዐይኗን እየጠረገች። ወንድሞቿ፣ ልጆቿ፣ ልብስ የምትሰፋላቸው ጎረቤቶች፣ ትልቅ ትንሹ «እታለም» እና «አንቺ» እንጂ ሌላ ብሏት አያውቅም።

«ያከበርናቸው መስሎን አስወጣናቸው» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። ከዚያ፣ አንድ ሰው እንኳ አንቱ ካለ የሁላችንም ልፋት ገደል እንደሚገባ ነገረችን። ሐኪሙንም ጥቂት ቀን እንዲታገሥ ለመነችው።

እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። አፍ ግን እንዳሳደጉት ነው። ጠባቂያችን ለአህያም አንቱ ብሎ ያደገ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ፊታቸው ቆሞ ላብ አጠመቀው።

«እታለም፣ ነይ… ይምጡ… ነይልኝ ይበሉ» አለ።

ሽቅብ አዩት። «ምን ነካህ አንተ፣ ታመሃል?» አሉና ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ነው። ወጥ ቤቷ ለብዙ ቀን «ነይ ይምጡ» እያለች አበሸቀችው።

ቀስ በቀስ ለመድነው። ለእናንተ ሳወራ አንቱ የምለው እሳቸው ስለማይሰሙኝ ነው። «እታለም፣ ይቺን አንሶላ ያዢልኝ» ስል ጫፉን ይዘው እያጠፉ፣ አጣጠፌን ይነቅፉብኝ ጀመር። ወጥ ቤቷ ጨው ስታስቀምሳቸው «ምነው፣ ጨው ተወደደ እንዴ?» አሏት። ሹራቡን ደርበው የሚነሡበት ቀን አልጠፋም። በልቤ ጸሎት እያደረስኩ ከኋላ ከኋላቸው የሄድኩበትም አለ።

ልጅቷ ለሐኪሙ መልሷን ልትሰጥ በመጣች ቀን እታለም ሳህን እያደረቁ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ሲያዩዋት ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተጠጉ። ብዙ አዩዋት።

«ይግቡ እንጂ፣ ምን ያስቆምዎታል?» አሏት።

አንቱታው ልጅቷ ላይ ወደቀ። «እኔ እኮ» ብላ ጀመረችና ተወችው። ገብታ ተቀመጠች። ውኃ ቀዱላት፣ ከጎኗም ተቀምጠው ቤተሰብ እንዳላት ጠየቋት።

«እናት አለችኝ» አለች።

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናት። ቤቷ ናት።»

«ሰላም ይበሉልኝ» አሏት፤ እሺ አለቻቸው።

ስትነሣ ገና ነው ብለው አስቀመጧት፤ ሁለተኛ ስትነሣ ግን ሊሸኟት አብረው ወጡ። ነርሷና ሐኪሙ ከአዳራሹ ቆመው ያያሉ። ጠባቂው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ እጁ ግን መዝጊያውን አልለቀቀም። ልጅቷ ጉንጫቸውን ስማ ደረጃውን ወረደች። እታለም እጃቸውን እያውለበለቡ ከዐይናቸው እስክትሰወር ቆሙ። ከዚያ ዞረው ገቡ።

«ዝጋው እንጂ አንተ» አሉት ጠባቂውን፣ «ቤቱን ብርድ አስገባህበት።»