ግራዝማች ሣህሉን የወሰደች የጨው ጋሪ

ጎረቤቴ መምህር ብዙነህ እዚህ አሰብ ወደብ ከተመደበ ወዲህ ጸሎቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ወደ ደሴ መመለስ። ሚስቱ እቴናት ነፍሰ ጡር ናት። ሙቀቱ እንቅልፍ ነስቷት፣ "ደሴ እናቴ ጋ ካልሆነ አልወልድም" ብላለች፤ ልጁን ማን እንደሚያስጠብቀው ባላውቅም። ዝውውሩን የሚፈቅዱት የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ግራዝማች ሣህሉ ናቸው።

"ለዘውድ በዓል አዲስ ነገር አሳየኝና ስለ ደሴ እንነጋገራለን" አሉት።

እሱም ጣልያን ጥሎት የሄደውን የጨው ሐዲድ ለምኖ፣ ባሕሩ ዳር በአሸዋና በእንጨት ሁለት ጉብታ ሠራ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ መሀላቸው ጎድጓዳ። የጨው ጋሪዋን ከረጅሙ ሲለቋት ቁልቁል ትበርና አጭሩን ትወጣለች።

"አውሮፓ ውስጥ ሰው ከፍሎ ነው በእንዲህ ያለው ላይ የሚጮኸው" አለኝ።

"እኛ በነፃ እንጮሃለን" አልኩት።

ግራዝማች ሊጎበኙ መጡ። ዳሳቸው የተተከለው አጭሩ ጉብታ አናት ላይ ነው። ቀና ብለው ረጅሙን አዩት።

"እዚያ ላይ የሚቆመው ማነው?"

"ጋሪዋን የሚለቃት ሠራተኛ ነው ጌታዬ፤ ኑህ።"

"ኑህ ከኔ በላይ?! የኔን ጉብታ ከሱ አስበልጥ!"

"ጌታዬ፣ ጋሪዋ ሞተር የላትም። ጉልበቷ ከፍታዋ ነው። ላይ ስትቆም ጉልበቱ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ስትወርድ ሩጫ ይሆናል፤ ስትወጣ ሩጫው ተመልሶ ከፍታ ይሆናል። ፍትጊያው ደግሞ በየመንገዱ ይቀንስባታል። ከተነሣችበት በላይ አትወጣም።"

"ትታዘዛለች!"

እቴናት ማታ ሰምታ፣ "አንዴ ነግረሃቸዋል። ከእንግዲህ አፍህን ዝጋና ደሴን አስብ" አለችው። ዘጋ። የግራዝማች ጉብታም ከኑህ በላይ ከፍ አለ።

የበዓሉ ዕለት ግራዝማች ካባቸውን ደርበው ብቅ አሉና፣ "ጋሪዋ እኔን ወደ ዳሴ ታድርሰኝ" ብለው ኑህ ዘንድ ወጥተው ተሳፈሩ። ብዙነህ አፉን ሲከፍት እቴናት ጎኑን ጎሸም አደረገችው። ኑህ "ቢስሚላህ" ብሎ ለቀቃቸው።

ወይ መብረር! ካባው እንደ ጀልባ ሸራ ተነፋ። ጋሪዋ ጎድጓዳውን አልፋ አዲሱን ዳገት ያዘች፤ ዘገየች፤ ዳሱ ሥር ደረሰችና ቆመች። አሽከሮች እጃቸውን ሲዘረጉ ግራዝማች ወደ ኋላቸው ተመለሱ። ኑህ እግር ሥር ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ደግሞ ዳሱ አጠገብ ወደቆምነው ወደኛ። ሕዝቡ ትርኢቱ ይሄ መስሎት በመጡ በሄዱ ቁጥር እልል ይላል። እያነሱ፣ እያነሱ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ጸጥ አሉ።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ የታየን። ግራዝማች ከታች፣ እኛ ሁላችን ከላይ! ጸሐፊያቸው ደንግጦ፣ "ዝቅ በሉ! ምን ያስገትራችኋል!" ብሎ ጮኸ። ሹም፣ ነጋዴ፣ ቄስ ሳይቀር አሸዋው ላይ በደረቱ ተነጠፈ።

ኑህ ከጉብታው አናት፣ "መምህር! እኔ ብተኛም እኮ ከሳቸው በላይ ነኝ! ምን ላድርግ?" አለ።

ግራዝማች ከጋሪዋ ወርደው ካባቸውን አራግፈው ብዙነህን ጠሩት።

"ደሴ ነበር ያልከው?"

"አዎን ጌታዬ።"

"ዒድ ትሄዳለህ።"

ዒድ እዚሁ ቀይ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች መንደር ናት፤ ሙቀቷም የአሰብ እኅት። ልሰናበታቸው ስገባ ብዙነህ ሳጥኑ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እቴናት ግን ዕቃ ታስራለች።

"ምን አስተከዘህ? ደሴ ዳገት ነው፤ እኛ ደግሞ ሞተር የሚሆን ዘመድ የለንም" አለችው። "ይልቅ እናቴን አስጠራልኝ። ከደሴ ወደኛ ቁልቁለት ነው።"