ቃል የሌለው ቁልፍ

እናትየው መልእክቷን ጽፋ እንደጨረሰች ከኪቦርዱ ዳር ያለውን ትልቁን ቁልፍ ጫን አደረገችው። ጽሑፉ አንድ መስመር ወረደ። «ሄደልኝ» አለች ለባዶው ቤት፤ ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መልስ ጠበቀች።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር። ልጇ ሩቅ ከተማ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች። ለሁለታቸው ብቻ የሚሆን መጻጻፊያ ሠርታ ነበር፤ ባለፈው እሑድ ደግሞ «አሳመርኩልሽ» ብላ መልኩን ቀየረችው። ከዚያ ወዲህ ድምጿ ጠፋ። አሟት ይሆን? ተቀይማ ይሆን? እንዳትደውል፣ ሥራ አስፈታታለሁ ብላ ትሳቀቃለች።

ስልኩ ሲጮህ ዘላ አነሣችው።

«እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው የዘጋሽኝ?»

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ! በየቀኑ ስጽፍልሽ አይደለም እንዴ?»

«አንድም አልደረሰኝ፤ እኔም እስክትጽፊልኝ ስጠብቅ ነበር። ወፏን ተጭነሻል?»

«የቷን ወፍ?»

«ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ነዋ! መላኪያዋ እኮ እሷ ናት።»

«ውይ በሞትኩት! እኔ ለጌጥ ያለች መስላኝ።»

ልጅቱ ሳቀች። «ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የኮምፒውተሩ የራሱ ቁልፍ ግራጫ ነው፣ ይደብራል ብዬ ሁሉንም በእጄ ሳልኩልሽ። አበባዋ መዝጊያ፣ ደመናዋ ማስቀመጫ። አያምርም?»

«ያምራል» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልጇ ደክማ የሠራችውን የትኛዋ እናት ታጣጥላለች? ግን እነዚያ ግራጫ ቁልፎች የትኛውም ፕሮግራም ውስጥ ብትገባ ያው ናቸው፤ ዙሪያቸው የታጠረ፣ ቃል የተጻፈባቸው። አንዱን ስትለምድ ሌላውን ለመደች። በዚህ ዕድሜዋ ማታ ማታ ፊደል ቆጥራ፣ በድሮው መጻጻፊያቸው ላይ «ላክ» የሚለውን ያለማንም እርዳታ ያነበበች ቀን ከወንበሯ ተነሥታ ቤቱን ዞራዋለች። የምታሳየው ሰው አልነበራትም።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«ግድ የለም፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አስጠናሻለሁ።»

«ሥዕልማ ሳልማርም አውቅ ነበር። አውቶቡሱን በቀለሙ፣ መድኃኒቱን በብልቃጡ እየለየሁ አይደል የኖርኩት? ያውም ስሳሳት እንዳይታወቅብኝ እየፈራሁ።»

ይህን እንዳለች እናትየው ቃሏን ልታጥፍ፣ «ተይው፣ እለምደዋለሁ» ልትል ዳዳት። ስልኩን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«የድሮውን መልሺልኝ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ማንበብ እፈልጋለሁ።»