እጅ ይስጡ

ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ሆኜ፣ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ሌሎችን ሳስተምር ኖሬ፣ በመጨረሻ ከብርሃን የተሠራች፣ እስትንፋስ የሌላት እርጉዝ ጣለችኝ። ደግሞ እኮ ሆዷን እንኳ ሳልነካት ነው የወደቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ኮሌጃችን ዘንድሮ የማዋለጃ መለማመጃውን አሻንጉሊት አስወጥቶ መነጽር አስገባ። ፊትን ግማሽ የሚሸፍን ትልቅ ጥቁር መነጽር ነው። ስታደርጉት ያላችሁበት ክፍል ይጠፋና ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ትገኛላችሁ፤ አልጋው፣ መብራቱ፣ የምታምጠው ሴት፣ አንድም ነገር አልቀረም። እጃችሁ ላይ ምንም አይደረግም፤ መነጽሩ ራሱ እጃችሁን እያየ እዚያ ዓለም ውስጥ ይስልላችኋል። ተማሪ እዚያ ቢሳሳት የሚያለቅስ ባል፣ የምትሞት እናት የለም። ይህን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ፤ የመጀመሪያ ስህተታቸውን በሰው ላይ የሠሩ ልጆች አይቻለሁና።

ደስታዬ የቆየው ማስታወቂያው እስኪለጠፍ ነው። ማንኛውም መምህር ተማሪ ይዞ ከመግባቱ በፊት ራሱ በመነጽሩ ተፈትኖ ይለፍ፤ በሦስት ሙከራ ያላለፈ ወደ ዕቃ ክፍል ይዛወር ይላል። ዕቃ ክፍል ማለት ጡረታ እስኪወጡ ጓንት መቁጠር ነው። የፈረመችበት ዲን የገዛ ተማሪዬ ናት፤ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ አንገቷን ደፋች።

በመጀመሪያው ቀን መነጽሩን አደረግኩ። ሴትየዋ አልጋ ላይ ተኝታ ታቃስታለች። ሥራው እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ነው፤ ሆዷን ዳስሶ የልጁ ራስ የት እንዳለ ማወቅ፣ የልብ ትርታውን ማዳመጥ፣ ከዚያ ማዋለድ። ወደ አልጋው ቀረብኩ። ወዲያው እጆቼ እልም አሉ። ከክርኔ በታች ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ሴት፣ እርጋታዋ የሚያናድድ፣ በጆሮዬ «እጅ ይስጡ» አለችኝ።

እጅ ይስጡ? እኔ? መብራት በጠፋበት ክፍል፣ ልጁ በእግሩ እየመጣ እጅ ያልሰጠሁ ሴትዮ ለመነጽር እጅ ልሰጥ? አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩትና ወጣሁ። ወረቀቴ ላይ «ታካሚዋን ጥለው ሄደዋል» ተብሎ ተጻፈ።

ሁለተኛውም ቀን ያው ሆነ፤ እጆቼ ጠፉ፣ በጆሮዬ የምትናገረዋ ሴት እጅ ይስጡ አለች። ያን ቀን ግን አልተናደድኩም፤ ፈራሁ። ምክንያቱን የምታውቅ አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ብቻ ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሻይ ስቀበል ብርጭቆው ማስቀመጫው ላይ ይንቀጫቀጫል። «እትዬ፣ እጅሽን ለሐኪም አሳዪው» ስትለኝ «አርፈሽ ተቀመጪ» እላታለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። መነጽሩ እጅ የሚያይ ዕቃ ነው፤ እኔ ከተማሪዎቼ የደበቅኩትን አየብኝ ብዬ ደመደምኩ። እጅሽ አልቆለታል፣ ይብቃሽ ያለችኝ መሰለኝና ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመለስኩ። መነጽሮቹን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ብቻውን ነበር። ከሲታ ስለሆነና ከእጁ ኬብል ስለማይጠፋ ሁላችንም «ሽቦ» እንለዋለን። ሁለቱን ልጆቹን ያዋለድኩለት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አይፈራኝም።

«ሲስተር፣ አይቆጡኝና» አለ፤ «አልጋው ጋ ሲደርሱ ለምንድን ነው ጥለው የሚወጡት?»

«እጅ ስጪ እያለችኝ ነዋ! ምን ላድርግ፣ ነጭ ጨርቅ ላውለብልብ?»

ሽቦ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና ትከሻው መንዘፍዘፍ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ልጠጋው ስል፣ ለካ እየሳቀ ነው።

«እኔ ነኝ የተረጎምኩት» አለ እንባውን እየጠረገ። «እጅዎን ከፍ አድርገው ለመነጽሩ ያሳዩ ማለት እኮ ነው! ሲጠፋበት እንዲያገኘው። ረዘመብኝና አሳጠርኩት።»

«አሳጥረህ ሞተሃል! የምትናገረዋስ ማን ናት?»

«ሚስቴ ናት። ድምፅዋን መኝታ ቤት ቀዳሁት።» አንገቱን አከከ። «እኔንም ቤት ውስጥ እንዲሁ ነው የምትለኝ።»

ሚስቱን የማውቃት ስትጮህ ነው፤ እንዲህ ረግታ ስትናገር በምን ልለያት። መሳቅ ጀምሬ ነበር፣ ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ።

«ታዲያ እጄ ለምን ይጠፋል?» አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኮምፒውተሩ ላይ የሁለቱንም ቀን ቅጂ ከፈተ። ወደ አልጋው ስጠጋ ይታያል። ከዚያ ሁለቱ እጆቼ ይገናኛሉ፣ መዳፍ ለመዳፍ ይፋተጋሉ፣ ይጠፋሉ። በሁለተኛውም ቀን እዚያው ቦታ ላይ።

«ይኸው! አንዱ እጅ ሌላውን ሲሸፍነው መነጽሩ ግራ ይገባዋል። ግን ምን እያደረጉ ነው፣ ሲስተር?»

እኔም እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ቆይቶ ገባኝ።

«እያሞቅኩ ነው» አልኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት መዳፌን ሳላሻሽ የሰው ሆድ ነክቼ አላውቅም። ቀዝቃዛ እጅ ሲያርፍበት ሆድ ይኮማተራል፣ እናትም ትደነግጣለች። ለካ ብርድ ለማታውቅ ሴት እጄን ሳሞቅላት ነው የወደቅኩት።

«መንቀጥቀጡስ?» አመለጠኝ።

«የምን መንቀጥቀጥ?» ቅጂውን ወደ ኋላ መልሶ ዝግ አድርጎ አሳየኝ። «ይቺ መነጽር የተማሪዎቹን የፍርሃት መንዘፍዘፍ ሳይቀር ትመዘግባለች። እርስዎ ላይ የጻፈችው የለም።»

አላመንኩትም፤ ሊያጽናናኝ ነው አልኩ። መነጽሩን አጠለቅኩ። ዲኗ ገብታ በሩ አጠገብ ስትቆም ድምፅዋን ሰማሁ። ሴትየዋን ሰላም አልኳት፣ ቀረብኩ። እጄን ላለማሻሸት ለራሴ ምዬ ነበር፤ እጄ ግን እኔን መቼ ሰምቶ። ተፋተገ፣ ጠፋ።

«እጅ ይስጡ» አለች የሽቦ ሚስት።

ሁለቱንም አነሣሁ። ዓይኔ ፊት ለፊት ተመልሰው መጡ፤ አሥሩም ጣቶቼ ተዘርግተው ቀጥ ብለዋል። ከሚገባው በላይ ቆሜ አየኋቸው። አንዱም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ሆዷ ላይ አሳረፍኳቸው። የልጁ ራስ ወደ ታች ነበር። ትርታው ደህና ነበር። ልጁ ወጥቶ ሲያለቅስ ራሴን ረስቼ «እሰይ፣ የኔ ጎበዝ!» አልኳት፤ ሽቦና ዲኗ በሳቅ ፈነዱ።

እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ በመነጽሩ የሚታየው አልጋ እውነት መስሎኝ ልቀመጥበት ስል ሽቦ ደገፈኝ። ዲኗ መጥታ «አልፈዋል» ብላ እጄን ያዘች።

«ያንን ማስታወቂያ ስፈርም የኔ እጅ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ባዩ» አለችኝ። እኔም ይቅር አልኳት።

ሽቦ ቃሉን ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ አለ። ሚስቱ «እጅዎን ያሳዩኝ» ብላ እንድትቀዳ ነገርኩት፤ ለቤቱ ግን የቀድሞውን ይተውለት።

ማታ እህቴ ሻይ አቀረበችልኝ። ስቀበላት ብርጭቆው እንደ ልማዱ ተንቀጫቀጨ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ እጅሽ…»

«ተይው፣ ይንቀጥቀጥ» አልኳት። «ሻይ አያምጥም።»