የቁርባኑ ጠዋት

እህቴ የዓለምወርቅና ባሏ ግዛቸው በሰማንያ ተጋብተው ልጆች አሳድገው ካበቁ በኋላ፣ ያን እሑድ ትዳራቸውን በቁርባን ሊያጸኑ ነበር። ንስሐ ገብተው፣ ቀኖናቸውን ጨርሰው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ሸጎሌ ወዳለው ደብራችን አብረን ሄድን። እኔ ታላቋ ነኝ፤ ከሙሽሮቹ ይልቅ የተቅበጠበጥኩት እኔ ነበርኩ።

ቅዳሴው ሳይጋመስ የዓለምወርቅ «አየር ልውሰድ» ብላ ወጣች። ተከትያት ብወጣ ከጥዱ ሥር ተቀምጣ ላብ አጥምቋታል። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ስሟን ብጠራ የማይያያዝ ነገር ታወራለች። ግዛቸው ደርሶ ሊደግፋት ሲል እጁን መታችው። ይቺ ሴት በዕድሜዋ ሰው መትታ አታውቅም።

ሴቶች ከበቡን። «መንፈሱ ነው! ሥጋ ወደሙ ሲቃረብ አልችል ብሎ ነው፤ ጠበል አምጡ!» አለች አንዷ። ጠበሉ መጣ፣ ተረጨች፣ ያው ናት። እኔ በጠበል የማምን ሴት ነኝ፤ በዚህ ማንም አይምጣብኝ። ግን እህቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት።

ጭንቁም እዚያው ላይ ነው። ነርሷ እንደነገረችን ስኳር ሲያንስም ሲበዛም ሰው ይጥላል። መርፌዋን ተወግታ፣ ለቁርባኑ ብላ ሳትበላ መጥታ ከሆነ አንሷታል፤ የሚያድናት ጣፋጭ ነው። ነገር ግን በቅርቡ «ጠበል ከጀመርኩ ወዲህ መርፌውን ልተወው ነው» ብላኝ ተጣልተናል። ትታው ከሆነስ? በዝቶባት ከሆነ በገዛ እጄ ልጨምርባት ነው።

«ግዛቸው፣ ዛሬ ተወግታለች?»

«እኔ እንጃ፤ ስትወጋ እንዳያት አትፈልግም» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ትንሽ እንታገሥ፣ እትዬ ሠርካዲስ። አሁን ከቀመሰች እኮ ቁርባኑ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።»

«የዘገየስ?» ብዬው ሮጥኩ።

ከቅጥሩ በር ማዶ የዘሀራ ሱቅ አለ። ዘሀራ ጎረቤታችን ናት፤ የእህቴን ሕመም ታውቃለች።

«ለስላሳ ስጪኝ፣ ቶሎ! የዓለምወርቅን አሟታል።»

ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች። «ለስኳር በሽተኛ ለስላሳ? እትዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

አየችኝና ክዳኑን ከፍታ ሰጠችኝ።

ስመለስ ዓይኗ መድከም ጀምሯል። እግዚአብሔርን ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ከጸሎት ይልቅ ጭቅጭቅ ነበር። ብገድላትስ የሚል ሐሳብ እጄን ያዘኝ። ቆሜ ባያትስ፣ ያው እኔው አይደለሁ ገዳይዋ? ቀና አድርጌ ከንፈሯን አረጠብኩላት። ዋጠች። ጥቂት ጨመርኩላት፣ አሁንም ዋጠች። ከኋላዬ «ጾሟን አስገደፈቻት!» ሲሉ እሰማለሁ። ይበሉ።

ቀስ እያለ ላቡ ቆመ፣ ዓይኗም እኔ ላይ አረፈ።

«እትዬ... ምን ሆኜ ነው?»

«መርፌሽን ተወግተሻል?»

«ተወግቻለሁ። እንዳትተዪ ብለሽ የጮኽሽብኝ አንቺው አይደለሽ?»

መሬቱ ላይ ዘጭ አልኩ። «ዐዋቂ ናት!» አለች ያቺው መንፈስ ነው ያለችው ሴትዮ። ምንም አላወቅኩም። አልተወጋሁም ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ምን ይዤ እንደምኖር እንጃ።

የዓለምወርቅ ከንፈሯን ላሰች፤ ጠርሙሱን አየች። ያኔ ገባት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። «ግባ ግዛቸው፣ እንዳያልፍህ። አንተ እንኳ ቁረብ።»

ከውስጥ ደወል ተሰማ። ግዛቸው ወደ መቅደሱ በር አየ፣ እሷንም አየ። እንታገሥ ሲለኝ የነበረው ሰው ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበለ። የተረፈውን ጨልጦ ጠጣና ከጎኗ ተቀመጠ።