መጩን የነቀልኩ ሰሞን

ብቸና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ የምጽፋት ነገር አለችኝ፤ በአንድ ሥፍራ አብረው የሚኖሩ ዕፅዋትና እንስሳት ሁሉ አንድ ማኅበረሰብ ናቸው፣ አንዱ ሲጎድል ሌላውም ይጎዳል። አምና አንድ ተማሪ «አንድ ተክል ቢጠፋ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ «ምንም» ብሎ ቢመልስ ዜሮ ሰጥቼ በቀይ እስክሪብቶ «አስብ» ብዬ ጻፍኩበት። ይኸን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የማወራው ጀግና ማን እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ ነው።

እጮኛዬ ንጋት ሞጣ ነርስ ናት። አባቷ ጋሽ ዳምጤ እዚያው ሞጣ አጠገብ ንብ ያረባሉ። ታላቅ ልጃቸውን የዳሩት በገዛ ማራቸው ጠጅ ነውና ንጋትንም በተገዛ ማር አልድርም ብለዋል። ኅዳር ማሩ ይቆረጣል፣ ጥር እንጋባለን። ከእኔ የሚጠበቀው አርፎ መቀመጥ ብቻ ነበር። አርፎ መቀመጥ ደግሞ አልፈጠረብኝም።

መስከረም ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ጋሽ ዳምጤ ለለቅሶ ጉንደ ወይን ሄደዋል፣ ንጋትም ቀን ቀን ሥራ ትውላለች። የማሳቸው ዳር መጭ በሚባለው አረም ቢጫ ሆኗል። አማቹ ሰነፍ ነው እንዳልባል እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ሁለት ቀን ሙሉ ስነቅል ወገቤ ተቆረጠ፣ እጄም ውሃ ቋጠረ። ንቦቹ ጆሮዬ ሥር ሲጮኹ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር፣ አበስኩ ገበርኩ። የነቀልኩትን ሁሉ ገደል ጥዬ ለማንም ሳልናገር ብቸና ተመለስኩ። ሠርጉ ዕለት በጨዋታ መሀል ላወጣው አስቤ ነው።

ኅዳር ላይ ቀፎዎቹ ሲከፈቱ ማር የለም። ግማሾቹን ንቦቹ ጥለዋቸው ሄደዋል። ለካ አካባቢው ሁሉ ታርሶ ለንቦቹ የቀረው ቀለብ ያ መጭ ኖሯል፤ ጋሽ ዳምጤም ሆን ብለው የተዉት ነው።

ጎረቤታቸው ፋንታ የመጩ ዘር ጤፌ ውስጥ ይገባል እያለ ሲያማርር ስለኖረ፣ ከለቅሶ ተመልሰው መጩን ሲያጡት የነቀለው እሱ ነው ብለው ጠርጥረው ነበር፤ ማሩ ሲጠፋ ለሽማግሌ ከሰሱት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እኔም እንደ ቤተሰብ ተጠርቼ ከንጋት ጎን ተቀመጥኩ። ፋንታ በልጆቹ ስም ማለ፤ የሚያምነው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ አምና ከራሱ ቀፎ ቆርጦ ካስቀመጠው ማር እንዲክስ ሊፈርዱ ሆነ። ልብ በሉ፣ ዝም ብል ማር ይገኛል፣ ጥር ላይም አገባለሁ። ፋንታን አየሁት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ተነሣሁና «የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ዳምጤ ወደ እኔ ዞሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«መምህር፣ ለመሆኑ ተማሪዎችህን የምታስተምራቸው ምንድን ነው?»

«ይኸንኑ ነው፣ ጋሽዬ።»

መጀመሪያ የሳቀው ፋንታ ነው። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት። ጋሽ ዳምጤ ግን አልሳቁም፤ ፋንታን ይቅርታ ጠየቁና ሠርጉን ለከርሞ ጥር አስተላለፉት። እስከዚያው አንዲት ቅጠል እንዳልነካባቸው አስማሉኝ።

ንጋት እስከ መናኸሪያው ድረስ አንዲት ቃል ሳትናገር ሸኘችኝ። አኩርፋለች ብዬ ልቤ ቆስሏል። መኪናው ሊነሣ ሲል ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«የመጨረሻውን ሸክም ገደል ስትጥል ከሥራ ስመለስ አይቼሃለሁ» አለችኝ። «እስቲ ራሱ ይናገር ብዬ ነው የቆየሁት። ዛሬ ዝም ብትል እኔው እናገር ነበር። ያኔ ሠርጉ ለከርሞ አይተላለፍም ነበር፤ ይቀር ነበር።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ቀይ እስክሪብቶዬን ከኪሴ አውጥቼ መዳፌ ላይ «አስብ» ብዬ ጻፍኩ። ብቸና ከመድረሴ በፊት ላቤ አጠፋው።