የቆሙት ሽማግሌ

ሽማግሌዎቹ ከቆሙ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗቸዋል። ግዛቸው ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት እያየ ቆጥሯል። ሦስት ናቸው፤ ከኋላቸውም ሦስት ባዶ ወንበሮች ተደርድረዋል። መሀል የቆመው ጉግሳ ነው፤ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ፣ በቴክሳስ የፕሌኖ አበሻ ሁሉ አማላጅ። «ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» ብሏል። በስተቀኙ ያለው ሙሉጌታ ቁጥር ለመሙላት የመጣ ነው። በስተግራው ደግሞ የሚያገባው ልጅ የብራያን አያት ሚስተር ማሬክ ቆመዋል፤ ቼኮች ከሰፈሩባት ከኤኒስ የመጡ የሰማንያ ሦስት ዓመት አናጺ። ጉግሳ መኪና ውስጥ ሥርዓቱን አጥብቆ ስላስረዳቸው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ እንደ ወታደር ቀጥ ብለዋል።

ግዛቸው መልሱን ትናንት ጨርሷል፦ እምቢ። በሥራው የአውሮፕላን ዕቃ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ወረቀት የሌለው ብሎን፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ውድቅ የሚል ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል። ብራያን ጥሩ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ዘሩ ግን የሚቆጠረው እስከ አራት ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከቼክ አገር ያመጣቸው መርከብ ነው። ሴት ልጁ ናኦሚ ደግሞ «አባቴ ኦኬ ካላለ አላገባም» ብላለች። ይህ ቃሏ ሊያኮራው ሲገባ እንቅልፍ ነስቶታል።

«ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዝምድና ነው» ብላው ነበር ጠዋት ሚስቱ እናትነሽ። «ከቼክ ጋር እንዳንዛመድ ፈርተህ ነው?»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

«እሺ። አያትየውን የየትኛው ደብር ተወላጅ ነዎት ብለህ ጠይቃቸዋ።»

በቋንቋቸው መጠየቅስ ይችላል። በወጣትነቱ ፕራግ ስድስት ዓመት የእንጨት ሥራ ምህንድስና ተምሯል። ዲፕሎማው አሜሪካ ውስጥ ምንም አልጠቀመውም፤ አንድ ሱስ ግን ተከትሎት መጥቷል። ስላቮች፣ እነ ቼክና ሩስያ፣ የእንጨትና የብረት ዕቃዎቻቸውን ስም ከየት እንዳገኙ በካርድ ይመዘግባል። መላጊያ፦ ከጀርመኖች። መዶሻ፦ የራሳቸው። ሳጥን፣ በሩስያ «ሱንዱክ»፦ ከዓረቦች በቱርኮች በኩል፤ የእኛው ሳንዱቅ የአጎት ልጅ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ካርዶች አሉ። እስከ ዛሬ አንዱንም ያነበበ ሰው የለም።

ግዛቸው ወደ ማሬክ ዞረና በቼክኛ፣ «አባቴ፣ እባክዎ ወንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ» አላቸው።

«ስቶሌክ ላይ መቀመጥ አልተፈቀደልኝም» አሉ ማሬክ፣ በአገጫቸው ወደ ጉግሳ እያመለከቱ።

ወንበሩን ስቶሌክ ነው ያሉት። ፕራግ ውስጥ ሰው ሁሉ ወንበርን ዢድሌ ይላል፤ ቃሉ ከጀርመኖች የመጣ ነው፣ ጀርመኖቹም ከላቲን ወስደውታል። የስቶሌክ ሥር የሆነው የስላቮች የራሳቸው ስቶል ጥንት መቀመጫ ነበር፤ በኋላ በቼኮች ዘንድ ጠረጴዛ ሆነ። ግዛቸው በካርድ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ወደ ሞራቪያ፣ ወደ ቼክ ምሥራቅ ገጠር፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይወጣ፣ «አሮጌው ትርጉም ከቼኮች አፍ ጠፍቷል» ብሎ ጽፏል። ጠፋ ያለው ቃል ይኸው በገዛ ሳሎኑ ቆሞ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

ከደረት ኪሱ ባዶ ካርድና እስክሪብቶ አወጣ።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«አባቴ። አያቴ። የሞራቪያ ሰዎች ነን። ሌላ ምን ይባላል?»

«መጥረቢያውስ? የሊጥ ማቡኪያውስ?»

ማሬክ መለሱ፤ ግዛቸው ጻፈ። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ።

«ምንድን ነው የሚጽፈው?» ሲል ጉግሳ እናትነሽን በሹክሹክታ ጠየቃት።

«እኔ በምን አውቄ?»

«ቅድመ ሁኔታ ነው» አለ ሙሉጌታ። «ካርዱን ገለበጠው። ብዙ ነው።»

«ሶ፣ ሽምግልናው ፌል አደረገ ማለት ነው?» አለች ናኦሚ ከኩሽና በር።

«ዝም በይ፣ ልጄ» አላት ጉግሳ። «ሰው ሲቆጣ አይጽፍም።»

ማሬክ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አፋቸውን ገጠሙ።

«ይቀጥሉ እንጂ» አላቸው ግዛቸው።

«ቆሜ ማሰብ አልችልም። ስቀመጥ በአባቴ ጎተራ የነበረው ዕቃ ሁሉ ትዝ ይለኛል።»

«ታዲያ ይቀመጡ።»

«ታክሲ ነጂው መልስ ሳናገኝ አይቀመጥም ብሎኛል» አሉ። ፈገግ አላሉም። ሳንቃ ቀጥ ማለቱን ሲያዩ እንደሚያደርጉት አንድ ዓይናቸውን ብቻ አጥበው ተመለከቱት።

ግዛቸው እስክሪብቶውን ዝቅ አደረገ። «የልጅዎ ልጅ ዘር ከአራት ቤት በላይ አይቆጠርም» አለ። ሌሊቱን ሙሉ የተለማመደው ንግግር ነበር፤ በቼክኛ ሲወጣ ግን አጭርና ደረቅ ሆነበት።

ሽማግሌው ያጠበቡትን ዓይን ገለጡ።

«ከዚያ በላይ ያሉትን ስማቸውን አላውቅም» አሉ። «የሠሩበትን ዕቃ ምን ብለው እንደሚጠሩት ግን አውቃለሁ።»

ግዛቸው ቀና ሲል ዓይኑ ኩሽናው በር ላይ አረፈ። ናኦሚ የእጅ ፎጣ በመዳፏ እየጠመዘዘች ነበር፤ ጥብቅ አድርጋ ጠምዝዛ ስትለቀው ተፈታ፣ እንደገና ጠመዘዘችው። እሷም ከሽማግሌዎቹ እኩል እንደቆመች ያስተዋለው ገና አሁን ነው። እንጀራው ማስተዋል ነው፤ ከጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያመልጠውም። ሰዓቱን አየ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።

ማሬክ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ዝቅ ማለት ጀመሩ። ጉግሳ ሊይዛቸው እጁን ዘረጋና ሥርዓቱን ፈርቶ መልሶ ሰበሰበው። ሽማግሌው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። ወንበሩ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ርቋል። በዚያው እንደጎበጡ አንገታቸውን ቀና አድርገው ግዛቸውን አዩት፤ ጠበቁ።

ግዛቸው ካርዱን በጥርሱ ነከሰ፤ ከሽማግሌው ጀርባ ዞረና ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ከሥራቸው አስጠጋው።